ጎመን የሚያኝኩት ጋሼ

መናኸሪያው ጀርባ ካለችው ካፌ ጥግ፣ ከረባታቸውን ለሰርግ ያህል ያጠበቁ አዛውንት ከሰሃናቸው ጋር ተፋጠዋል። ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ባቄላ፤ የዶዮገና ገበሬ ጓሮ በሙሉ ሰፍሮበታል። ሐኪም ቅቤ ቀንሰው አትክልት እንዲያፈራርቁ ሲያዛቸው፣ ሚስታቸውም «ቅቤውን አብሬህ እተዋለሁ» ብላ ምላላቸው ነበር አሉ።

ጎመኑን እንደ ጫማ ሶል እያኘኩ ለአስተናጋጇ ነገሯት።

«ዛሬ ድንገት ቤት ብገባ፣ አታካናውን፣ ያን የቡላ ገንፎ፣ በቅቤ አጥለቅልቃ ከጎረቤቶቿ ጋር ትበላለች። ቅቤውስ ይሁን! በሩን ዘግታ? በእኛ አገር በር ተዘግቶ ይበላል?»

«ውይ ጋሼ! ታዲያ ክትፎ ላምጣልዎት?»

ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ።

«የለም ልጄ፣ ጎመን ጨምሪልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሚስቴ ፊት ቁጭ ብዬ ይሄን እያኘኩ መቶ ዓመት እኖርባታለሁ!»