የፍልሰታ ብስኩት

የብስኩት ሽታ አናዷችሁ ያውቃል? እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ትናንት ገላን ኮንዶሚኒየም ሥር ካለው ሱቅ ደጃፍ አንድ ልጅ እሽግ ሲቀድ ያ የቅቤ ሽታ ወጣ፤ ቃሊቲ ያለው የቆርቆሮ አዳራሽ ትዝ አለኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር። ከውጭ አገር ለወንጌል ተልእኮ የመጣች አንዲት ወጣት ፈረንጅ የሰፈሩን ልጆች በነፃ እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር፤ እኔ ረዳቷ ሆንኩ። በሕይወቴ ያስተማርኩበት የመጀመሪያ ክፍል ነው። ልጆቹን በቁመታቸው ያስቀመጥኳቸው፣ ጠመኔውን አስተካክዬ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የእሷ ድምፅ ይጠፋል፤ ያኔ እኔ እጮሃለሁ፣ ልጆቹ ይቀበሉኛል። አስተማሪ መሆን ያማረኝ እዚያ ጩኸት ውስጥ ነው።

ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ሕፃናትም ይጾማሉ፤ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ አርፍደው፣ ቀን ቅዳሴ ገብተው ይቆርባሉ። የእኛም ልጆች ጧት ተምረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከአዳራሹ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነበር የሚሄዱት። ፈረንጇ ደግሞ ጥያቄ ለመለሰ ልጅ ብስኩት ማደል ጀመረች። ልጆቹ ይቀበሉና ኪሳቸው ይከቱታል።

"ለምን አይበሉም?" አለችኝ።

"ጾም ነው።"

"ሕፃናት እኮ ናቸው! እግዚአብሔር ሕፃን እንዲራብ አይፈልግም።"

ደሜ ፈላ። "እግዚአብሔርን አንቺ ነሽ ይዘሽልን የመጣሽው?" ልላት ፈልጌ ነበር፤ እንግሊዝኛዬ አልደረሰልኝም። በማግስቱ ጎንበስ ብላ ለአንዲት ትንሽ ልጅ በገዛ እጇ አጎረሰቻት። ልጅቷ ዋጠች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ያን ቀን ሳትቆርብ ቀረች።

በነጋታው እናቶች ጃንጥላቸውን እንደያዙ አዳራሹን ሞሉት። ከፊት የትንሿ ልጅ እናት አለች፤ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር አጠገብ ለጠያቂዎች ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት።

"ክርስትና ልታስተምሪን ነው? እኛ ስንጠመቅ እናንተ አገር ጫካ ነበር!" አለቻት። ወደ እኔም ዞረች። "አንቺስ? ፈረንጅ ስታዪ ፍልሰታ ጠፋሽ?"

"ነግሬያታለሁ እኮ፣ እትዬ።"

"ነግረሻት ነው? ባትነግሪያትማ ክትፎ ታጎርሳቸው ነበር!"

ከኋላ አንዷ ሳቀች። ሻይ ሻጯ ግን አልሳቀችም። ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወጡ፤ አዳራሹ ባዶ ቀረ። ፈረንጇ ስታለቅስ አላባበልኳትም። ክፍሌን አሳጥታኛለች።

ከሰዓት በኋላ "ጥፋትን በአማርኛ ማመን አስተምሪኝ" አለችኝ። "አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" የሚለውን እየተቆጣሁ አስጠናኋት። አብሬያት ግን አልሄድም አልኩ። ብቻዋን ሄደች፤ እኔ ከማዶ ሆኜ አየኋት። የመጀመሪያው ቤት በር ተዘጋባት። የሁለተኛውም። በሦስተኛው ቤት ሻይ ሻጯ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ያንን ስብርብር አማርኛ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

"ልጄ አትመጣም" አለቻት። ቀጥላም፣ "ዝናብ ላይ ምን ያቆምሻል?" ብላ ክንዷን ይዛ ወደ ቤት ሳበቻት።

ትምህርቱ በዚያው ቀረ፤ አንድም ልጅ አልተመለሰም። ዛሬ የራሴ ክፍል አለኝ፣ ፈረንጇን ግን ይቅር ብያታለሁ ለማለት ምላሴ አይታዘዝልኝም። ሆኖም ያን ቀን ያደረገችውን እኔ አድርጌው አላውቅም። እናንተ እስቲ ሞክሩት፤ በማታውቁት ቋንቋ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ከተቆጣ ሰው ደጅ ቆማችሁ "አጥፍቻለሁ" በሉ።