የበረኛው ማሊያ

አጎቴ ካረፉ ወዲህ አዋሳ ፒያሳ ያለው የልብስ ስፌት ሱቃቸው ጭር ብሏል። ግድግዳው ላይ ለስፌት ተሰጥቷቸው የቀረ የአንድ በረኛ ማሊያ ሰቅለው ነበር። ልጁ ጎል የሚበዛበት በረኛ ነበር፤ አብዮት ጠባቂዎች ከሜዳ ወስደውት አልተመለሰም። እናቱ አስከሬኑን አላገኙም፤ እንዳያለቅሱም ተከልክለዋል።

«ጋሼ፣ የጎበዞቹ አጥቂዎች ማሊያ እያለ የእሱን ለምን ሰቀሉ?» ብዬ በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ለእናቱ የቀራቸው ይሄ ብቻ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እናቱ መጥተው እጅጌውን ይዘው ሲያለቅሱ፣ ውጭ እንዳይሰማባቸው አጎቴ የስፌት መኪናውን ጨርቅ ሳያስገቡበት ያስጮሁት ነበር።

በአጎቴ ቀብር ላይ እናትየዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ለእሳቸው ማልቀስ አይከለከልም አይደል?» አሉኝ።

«አይከለከልም፣ እማማ።»

የልጃቸውን ስም እየጠሩ ጮኹ።