ናሆም ያስታጠበው እንግዳ

ዛሬ ጠዋት የእጅ ማስታጠቢያውን ደበቅኩት። የናሱን ጆግና ሳፋውን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከሻንጣዎቹ ኋላ ገፋሁት። እትዬ ዘነቡ ከአልጋቸው ሆነው "ምንድነው የምታንኳኪው?" አሉኝ። "አቧራ እየጠረግኩ ነው" አልኳቸው። መርማሪዋ የምትመጣበት ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ነበረን። ሰው ራሱን ምን ያህል እንደሚችል፣ ለምኑ ለምኑ ረዳት እንደሚያስፈልገው ቤት ድረስ መጥተው የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ መንግሥት እርዳታ የሚሰጠው እነሱ ባዩት መጠን ነው። አሁን የሚታዩት እትዬ ዘነቡ ናቸው። ማስታጠቢያውን የደበቅኩት ግን በሌላ ሰው ምክንያት ነው።

ፍራንክፈርት የመጣሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሰው ፊት መናገርም ያስፈራኝ ነበር። እትዬ ዘነቡ የእናቴ እህት ናቸው። ባላቸው ሞተው ብቻቸውን ስለቀሩ፣ ልጃቸውን ናሆምን እንድይዝላቸው አስመጡኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት "ምነው፣ አፍሽን አገር ቤት ረስተሽው መጣሽ?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ናሆም ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር። ቁመቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አይቀረው። ዛሬ የአእምሮ እድገት ውስንነት ይሉታል፤ እትዬ ዘነቡ ግን "ልጄ ዝግ ይላል" ብቻ ነበር የሚሉት። ጥቂት ቃላት ያውቃል፤ ሳቁ ግን ቤት ይሞላ ነበር። የምንኖረው ጋሉስ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የከተማው ባቡር በመስኮታችን ስር በሚያልፍበት አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። የባቡሩ ደወል ከተሰማ ናሆም በሩን ከፍቶ፣ በሸሚዝም ቢሆን በባዶ እግሩ፣ ወርዶ ሃዲዱ መሃል ይቆማል፤ ዘመድ እንደሚቀበል ሰው እጁን ዘርግቶ። ስለዚህ በሩን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጥለው ነበር። ሲበላም ሳያኝክ ስለሚውጥ አጠገቡ ቁጭ ብዬ በትንሽ በትንሹ ነበር የማቀርብለት። እትዬ ዘነቡ ሳክሰንሃውሰን በሚባለው ሰፈር ከአንድ የፖም ወይን ቤት ማጀት ድስት ሲያጥቡ ውለው፣ ያ የሚጎመዝዝ ሽታ ልብሳቸው ላይ ተጣብቆ፣ ወገባቸውን ይዘው ይገባሉ።

በዚያ ዓመት ናሆም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤቱን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ብቻ ነበር። እርዳታው ከተፈቀደ ጠዋት ጠዋት ረዳት ይመጣል፣ መኪና ወደ ቀን ማዋያ ይወስደዋል፣ ማታ ከእኛ ጋር ያድራል። ካልተፈቀደና እኛ ካቃተን፣ ከከተማ ውጭ ሃይም የሚሉት የመጦሪያ ቤት ውስጥ መግባቱ ነው። ይህን የሚወስነው መርማሪው ነበር።

ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት አቶ ሀጎስ፣ እዚህ አገር ፋብሪካ ውስጥ ያረጁ ኤርትራዊ፣ ከቀጠሮው በፊት ወርደው መከሩ።

"ወይዘሮ ዘነቡ፣ የሚመጣው ሰውዬ እንግዳ አይደለም። ቤቱን አያጽዱ፣ ልጁንም አያሳምሩት። እንዳለ ይየው።"

"ምን ነካዎት አቶ ሀጎስ! ሰው ቤቴ ሲመጣ ልጄን እንደ ለማኝ ላስጣው?"

"ለአንድ ቀን ያስጡት! ለእሱ ብለው ያስጡት!"

"እርስዎን እኮ ጀርመን አበላሽቶዎታል" አሉና በሩን ከፈቱላቸው።

እትዬ ዘነቡ ለናሆም አንድ ነገር አስተምረውት ነበር፤ ማስታጠብ። እኛ ዘንድ እንግዳ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት የቤቱ ልጅ ውሃ ያፈስለታል። ከኋላው ቆመው ክርኑን እየደገፉ ለዓመታት ሲያለማምዱት ኖረዋል። ታዲያ ናሆም ፎጣውን ክንዱ ላይ ጣል ያደርጋል፣ ጎንበስ ይላል፣ ውሃውን እንደ ክር አቅጥኖ ያወርዳል። ወለሉ ላይ አንዲት ጠብታ አትወድቅም። በበዓል የሚመጡ ሽማግሌዎች "እደግ ተመንደግ" ሲሉት ፊቱ ይበራል። ከሌሎች ልጆች እኩል የሚቆምበት ቦታ ያ ብቻ ነበር።

መርማሪው የመጣው በመጸው፣ ዝናብ የረገፈውን ቅጠል መንገድ ላይ በለጠፈበት ቀን ነው። እትዬ ዘነቡ ከሥራ ቀርተው፣ ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ስለነበር ደረጃው ሁሉ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸታል። ናሆም የአባቱን ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ እሱን ለማልበስ ጠዋቱን ሙሉ ታግያለሁ፣ እጅጌውንም ነክሶት ነበር። ሰውዬው ጺማም፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ነው። በር ላይ ጫማችንን አይቶ የራሱንም ሲያወልቅ እትዬ ዘነቡ ወደዱት።

"ብቻውን ይለብሳል?" ብሎ ጠየቀ።

"ያ፣ ያ" አሉ፣ አዎ ለማለት በጀርመንኛ፣ ሙሉ ልብሱን በኩራት እያሳዩ።

"ብቻውን ይበላል?"

"ያ።"

በዚህ መሃል ናሆም ጆጉንና ሳፋውን ይዞ መጣ። ሰውዬው ግራ ገባው። እትዬ ዘነቡ በምልክት ሲያሳዩት ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። ውሃው ወረደ። ሰውዬው ጆጉን አየ፣ የናሆምን እጅ አየ፣ ደረቁን ወለል አየ። "ፕሪማ!" አለ፤ ግሩም ማለቱ ነው። ናሆም ሳቀ። የእትዬ ዘነቡን ፊት የዚያን ቀን እንደነበረው ዳግም አላየሁትም።

እኔ ፈራ ተባ እያልኩ፣ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ፣ "ብቻውን አይተውም። ሁልጊዜ እጠብቀዋለሁ። ባቡር ሲሰማ ይወጣል" አልኩ። አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍም አሳየሁት።

ሰውዬው በደግነት አየኝ። "ይገባኛል። ግን መጠበቅ አይቆጠርም። የምንቆጥረው ማጠብን፣ ማልበስን፣ ማብላትን ነው።"

እትዬ ዘነቡ በአማርኛ፣ ፈገግታቸውን ሳያጠፉ፣ "አንቺ ደግሞ፣ ዝም ብለሽ ከርመሽ ዛሬ በእንግዳ ፊት አፍ አወጣሽ?" አሉኝ። ከዚያ የዶሮውን እግር ለሰውዬው አወጡለት።

መልሱ ከገና በፊት መጣ። አልተፈቀደም። አቶ ሀጎስ አነበቡልን፤ ሙሉ ጆግ ተሸክሞ፣ የታዘዘውን ተረድቶ፣ ሳያፈስ ይቀዳል ይላል። ይግባኝ ማለት እንደሚቻል፣ ለዚያ ግን እናትየው ልጄ አይችልም ብለው መፈረም እንዳለባቸው ነገሯቸው።

"ልጄ አይችልም ብዬ በገዛ እጄ ልፈርምበት?"

"አይችልም እኮ፣ ወይዘሮ ዘነቡ።"

"እርስዎን ሲያስታጥብዎት አልመረቁትም?"

አቶ ሀጎስ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

በዚያው የብርድ ወቅት የእትዬ ዘነቡ ወገብ ከአልጋ አላስነሳቸው አለ። እሳቸውን ስደግፍ በሩ ሳይቆለፍ ቀርቶ ናሆም ወረደ። ባቡሩ ሊገጨው ጥቂት ሲቀረው ቆመለት። ከዚያ በኋላ ምርጫ አልነበረንም፤ ሃይም ገባ።

እሑድ እሑድ በባቡር እንሄድ ነበር። ከጣቢያው እስከ ሃይሙ መንገዱ ዳር የፖም ዛፎች ተተክለዋል፤ በጸደይ ነጭ ያብባሉ፣ በመጸው ፍሬው ማንም ሳያነሳው መሬት ላይ ይበሰብሳል። እዚያ እንግዳ የሚያስታጥብ የለም፤ ውሃም እንዲነካ አይፈቅዱለትም፣ ወለሉ ይርሳል ብለው። አንድ እሑድ እትዬ ዘነቡ ጆጉን በቦርሳ ይዘውለት መጡ። ውሃ ሞልተው ሰጡት፤ ናሆም ያዘውና አየው። ከዚያ ገለበጠው። ውሃው በሙሉ ጭናቸው ላይ ፈሰሰ። ቀሚሳቸውን ሳይጠርጉ ባቡር ተሳፈርን። ናሆም ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ሃይም አረፈ።

እንግዲህ ማስታጠቢያውን የደበቅኩት ለዚህ ነው። ዛሬ የመጣችው መርማሪ ወጣት ናት። በር ከፍቼላት ስመለስ፣ ያለ እኔ ከአልጋ የማይወርዱት እትዬ ዘነቡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ላብ እያጠመቃቸው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለዋል።

"ብቻዎን ይነሳሉ?"

"ያ" አሉ። "ሁሉንም ብቻዬን።"

አሁን ጀርመንኛዬ አይሰባበርም። ሌሊት እንደማልተኛ፣ ሁልጊዜ እንደምጠብቃቸው ነገርኳት። "ጥሩ ነው" አለች እየጻፈች፤ "አሁን መጠበቅም ይቆጠራል።" እንዲህ በቀላሉ አለችው። ለማን እንደምነግረው አጣሁ።

"ማስታጠቢያውን የት አደረግሽው?" አሉ እትዬ ዘነቡ። "እንግዳ እኮ ናት።"

ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ልጅቷ እየሳቀች እጇን ዘረጋች። ጆጉን ሳዘነብል ውሃው ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ አለ። እትዬ ዘነቡ እርጥቡን ቦታ ትክ ብለው አዩት።

"ናሆም" አሉ፣ "አንዲት ጠብታ አያፈስም ነበር።"