የእናቴ ሞቃት ቦታ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሀያት ከኦክላንድ ደወለችልኝ። «ባባ፣ ኪችን ውስጥ ወለሉ አንድ ቦታ ላይ ከሌላው በጣም ይሞቃል። ቤቢው ከዚያ አልነሳም ብሏል፣ ሶ ኪዩት!» እሷ እየሳቀች ታወራለች፤ እኔ የመኪና ቁልፌን መፈለግ ጀምሬያለሁ።

ወጣት ሳለሁ ከታላቅ ወንድሜ ከሰይድ ጋር ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ተከራይተን ነበር። ባለቤቱ ኪራዩን የቀነሰልን ጥገናውን ራሳችሁ ቻሉት ብሎ ነው። ማሞቂያው ከእግር በታች ነው፤ ሲሚንቶው ውስጥ በተቀበረ የብረት ቧንቧ ሙቅ ውሃ ይዞራል። በዚያው ዓመት እናታችንን ከኮምቦልቻ አመጣናት። ጉልበቷን ቁርጥማት ያሰቃያታል። «ብርዱን ከቻልኩት እቀራለሁ፤ ካልቻልኩት ግን ትመልሱኛላችሁ» ብላ ቃል አስገባችን። የሳን ሆዜ ብርድ ምን ብርድ አለው የሚል ሰው ጉልበቱን ያላመመው ነው!

መጀመሪያ ቀን ወለሉን በባዶ እግሯ ስትረግጠው፣ «ያ ረቢ! ምድሩን ደግሞ ማን አነደደው?» አለች። በቃ፣ ቀረችልን ብለን ተደሰትን።

ዝናቡ ሲጀምር የውሃው ግፊት መለኪያ በየቀኑ ይወርድ ጀመር። እኔም በየቀኑ ቧንቧ ከፍቼ ውሃ እጨምራለሁ፣ ቧንቧው ውስጥ የገባውን አየር አስወጣለሁ፣ ፓምፑን ሳይቀር ቀየርኩ። ሰይድ «ኢንጂነሩ!» እያለ ያሾፍብኛል። እናቴ በበኩሏ ኮሪደሩ ላይ ከሁሉም የሚሞቅ ቦታ አግኝታ መስገጃዋን እዚያ አነጠፈች። ደስ ብሎን የጫማ መደርደሪያውን አንስተን ቦታውን አሰፋንላት። ሰግዳ ስትጨርስ እግሯን ዘርግታ ከጓሮው ዛፍ የለቀምነውን ፐርሲመን የሚሉትን ፍሬ ትልጣለች። ጣፋጭ ነው፤ ሲበስል ማር ማር ይላል።

«ና እስቲ፣ አጠገቤ ቁጭ በል። እዚህ ደስ ይላል» ትለኛለች።

«መጣሁ እማ፣ ይቺን አየር ላስወጣና።»

በየቀኑ ጠራችኝ፤ በየቀኑ መጣሁ አልኳት።

በመጨረሻ ሲያቅተኝ አንድ ሽማግሌ ቴክኒሺያን ጠራን። ሰውዬው ዕቃውን እንኳ ሳያወጣ ጫማውን አወለቀና ቤቱን በካልሲ ዞረው። እናቴ መስገጃ ላይ ሲደርስ ቆመ። የሚያፈሰው እዚያ ነበር፤ ሙቁ ውሃ ከቧንቧው እየወጣ ሲሚንቶውን ያሞቀዋል። እኔ በየቀኑ የጨመርኩት አዲስ ውሃ ደግሞ ብረቱን ከውስጥ አዝጎታል። አንዱን ብንደፍነው ሌላው ይፈነዳል ብሎ ጠቅላላ ዘጋው።

ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛንላት። ምን ያደርጋል፣ ፊቷን ያደርቃታል እንጂ እግሯ ጋ አይደርስም። ጉልበቷ ተሳስሮ ወንበር ላይ ሆና መስገድ ጀመረች። አንድ ጠዋት፣ «ቃላችሁን አትርሱ ልጆቼ» አለችን። ኤርፖርት ስንሸኛት ሰይድ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በዓመቱ ወለሉ በአዲስ ቧንቧ ተሠራ፤ እሷ ግን ተመልሳ አልመጣችም። መርዶዋን የሰማሁት ያንኑ ሞቃት ወለል ረግጬ ቆሜ ነው።

ሀያት ቤት ስደርስ ጫማዬን አወለቅሁ። ቦታውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። የእሷም ማሞቂያ የግፊት መለኪያ ወርዷል። ማሞቂያውን ዘጋሁና፣ «ለቴክኒሺያን ኮል አድርጊ፤ ውሃ እንዳትጨምሩ» አልኳት። ወለሉ ገና አልቀዘቀዘም። የልጅ ልጄን አቅፌ እዚያው ተቀመጥኩ። እውነትም ደስ ይላል፤ ሙቀቱ ቀስ እያለ ወገብ ድረስ ይወጣል። ያኔ አንዲት ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ና ስትለኝ ብቀመጥ ኖሮ ቀዳዳውንም አገኘው ነበር፣ እሷንም እጠግባት ነበር።

«ባባ፣ ዋት አር ዩ ዱዊንግ? ሶፋ አለ እኮ!» አለች ሀያት።

«አያትሽን መጣሁ ብያት ነበር» አልኳት።