በምስጋና የተከፈተ በር

ልጅ እያለሁ ዳይሬክተር ማለት በር የሚዘጋ ሰው ይመስለኝ ነበር። ሌላ ሥራ እንዳለው አላውቅም። የእኩዮቼን ትዝታ ሳነብ የዚያ ዘመን መምህራን ሁሉ እንደ ሻማ የቀለጡ፣ ዳይሬክተሮቹም ሁሉ አባት የነበሩ ይመስላል። ደስ ይበላቸው። የእኛው አቶ ጌጡ ግን አልቀለጡም። ጥቁር ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በር ላይ ይቆሙና፣ የሰንደቅ ዓላማ መዝሙሩ እንደተጀመረ የቆርቆሮውን በር በሰንሰለት ያስሩታል። ከዚያ በኋላ የመጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አይገባም።

እኔ የማዶ ልጅ ነበርኩ። መካነ ሰላም ዳር ካለው ትምህርት ቤታችን እስከ ቀያችን ድረስ ባለው መንገድ ላይ ወንዝ አለ፤ በበጋ ፍየል እንኳ ሆዷ ሳይረጥብ የምትሻገረው፣ መስከረም ላይ ግን ድንጋይ እያንከባለለ የሚያጓራ ወንዝ። ትምህርት የሚከፈተው ደግሞ መስከረም ነው። ይህን ያወጣው ሰው የማዶ ልጅ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ደብተራችንን በፌስታል ጠቅልለን ዳር ላይ እንኮለኮላለን፤ ወደ ገበያ ወይ ወደ ወፍጮ የሚሻገር ትልቅ ሰው ሲመጣ እጁንም ትከሻውንም ይዘን እንሻገራለን። ዳገቱን ስንወጣ እስከ ወገባችን ረጥበናል። የእርጥብ ካኪ ሽታና ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚመጣው የባቄላ አበባ ሽታ ተቀላቅለው ለእኔ የትምህርት ሽታ ማለት እነሱ ናቸው፤ ጠመኔ በኋላ የመጣ ነው።

ደርሰን በሩ ተዘግቶ ስናገኘው መዝሙሩ ገና አላለቀም። ሕጉ መዝሙር ሲዘመር ቀጥ ብሎ መቆም ስለሆነ፣ እኛም ከውጭ፣ የማናየውን ባንዲራ በቆርቆሮው አሻግረን እያሰብን፣ ውኃ እየተንጠባጠብን ቀጥ ብለን እንቆም ነበር። ሲያልቅ ቁጭ ብለን ቅልብልቦሽ እንጫወታለን። እውነቱን ለመናገር የተዘጋው በር ደጃፍ ደስ የሚል ቦታ ነበር፤ ጠጠሩ ለስላሳ፣ ፀሐዩ የሚያደርቅ፣ መምህር የሌለበት። ችግሩ ያለው ቤት ነበር።

አባቴ የትምህርት ጠላት አልነበረም፤ የከንቱ ድካም ጠላት ነበር። «በር አይቶ ለመመለስማ በር እቤታችንም አለ» አለኝ አንድ ቀን፣ እርጥብ ልብሴን እያየ። «ካሁን ወዲያ አንዴ ከመለሱሽ፣ ወላሂ፣ እናትሽ ዘንድ ትቀመጫለሽ።» አባቴ ወላሂን እንደዋዛ የሚያወጣ ሰው አይደለም። ታላቅ እህቴም ልክ እንዲሁ በሆነ ምክንያት አንድ ዓመት ቤት ቀረች፤ በዓመቱ ተዳረች። እኔ ደግሞ ማንበብ ጀምሬ፣ የሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ እናቴን የማስቸግርበት ጊዜ ነበር። ማልቀሴን የሰሙት ጎረቤታችን ሸህ አሊ ናቸው።

ሸህ አሊ ዱዓ የሚያደርጉልን የሰፈሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቀያችን ክስ ወይ አቤቱታ ሲኖረው ከእርሳቸው ጋር የሚሄዱት ማሳቸው ከማሳቸው የሚዋሰነው ቄስ፣ መምሬ ጥበቡ ናቸው። መምሬ ሲናደዱ «ወላሂ!» ይሉና ወዲያው ያማትባሉ። ሁለቱ ተማከሩና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደው አቶ ጌጡን ሊከሱ ወሰኑ። «ልጅቱንም እንውሰድ» አሉ ሸህ አሊ። «ቢሮ ያለ ሰው በጆሮው አያምንም፤ በዓይኑ ይይ።» እናም ማስረጃ ሆኜ ሄድኩ። ልብሴ ቢሮ ሳንደርስ እንዳይደርቅ አባቴ በጥላ በጥላው መራኝ።

በመንገድ ክሱን ተለማመዱ።

«እኔ ጨካኝ ነው እላለሁ» አሉ መምሬ።

«እሱን አንቱ መጨረሻ ላይ ይበሉት። መጀመሪያ እኔ ልጆቻችን አለቁ እላለሁ።»

«ኸረ ሸሁ፣ ማን አለቀ?» አለ አባቴ።

«ይቺ ረጥባ የለ እንዴ!»

የኃላፊውን ቢሮ በር ገፍተን ስንገባ አቶ ጌጡ እዚያው ተቀምጠዋል። ለሌላ ጉዳይ መጥተው ኖሮ ካለቃቸው ጎን ሻይ ይጠጣሉ። እኛ አገር ሰውን በሌለበት ማማት ነውር ነው ይባላል፤ ይታማል። ፊት ለፊት ማዋረድ ግን ነውር ነው ተብሎም አይነገርም፤ ማንም አያደርገውማ። ያውም ሻይ የያዘን ሰው። ሽማግሎቹ በሩ ላይ ቀሩ። ከዚያ ሸህ አሊ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ኃላፊውን መረቁ፣ ቢሮውን መረቁ፣ የቢሮውን ልጆች፣ የልጆቹን ልጆች መረቁ። ጊዜ እየገዙ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ሁላችንም አሚን አልን፤ አቶ ጌጡም ብርጭቋቸውን አስቀምጠው አሚን አሉ።

«እህሳ አባቶቼ፣ ምን ችግር ገጠማችሁ?» አለ ኃላፊው።

ሸህ አሊ አቶ ጌጡን አዩ። ሻዩን አዩ።

«ኸረ ምን ችግር! አልሐምዱሊላህ። የመጣነው ለምስጋና ነው።»

አባቴ ሳል ያዘው።

«ሌላ አገር ያለ ትምህርት ቤት፣ ወንዝ ያስቀረውን ልጅ በር ይዘጋበታል አሉ። ሲወራ ነው የሰማነው። የኛ ዳይሬክተር ግን፣ ማሻአላህ፣ ራሳቸው በር ላይ ቆመው፣ ‹ግቡ ልጆቼ፣ ወንዙ እንዴት አደረጋችሁ› እያሉ ነው የሚቀበሏቸው። ይህን አይተን ዝም ብንል አላህም አይወድልን።»

መምሬ ጥበቡ ጨካኝ የሚለውን ቃል አፋቸው ላይ ይዘው ነበር፤ እሱን ዋጡና በምትኩ የመጣላቸውን አወጡ። «እሳት አስነድደው ልብሳቸውን ያደርቁላቸዋል!» ሸህ አሊ ዞር ብለው አዩዋቸው፤ በዛ ማለታቸው ነው።

ኃላፊው ፊቱ በራ። «እንዲህ ነው እንዴ አቶ ጌጡ? አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም እኮ!»

አቶ ጌጡ ብርጭቋቸውን መልሰው አንስተው ከንፈራቸው አጠገብ አድርሰውት ነበር፤ እዚያው ቀረ። «ያው… የአቅሜን ነው» አሉ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው አንቺ? ልብስሽን ያደርቁልሻል?»

አባቴን አየሁት፤ ጣሪያውን ያያል። ከቀሚሴ ጫፍ ውኃው ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ትምህርቴ ከዚህ ክፍል ካልተገኘ ሌላ ቦታ እንደማይገኝ ገባኝ። «አዎ» አልኩ። የጎደለ ነገር ያለ መሰለኝና ደግሞ ጨመርኩ፦ «ቆሎም ይሰጡናል።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌያለሁ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያን ያህል ሥራ ሠርቼ ግን አላውቅም።

ስንመለስ አባቴ እስከ ወንዙ ድረስ ቀድሞን እየተራመደ ሄደ። ወንዙ ላይ ፈነዳ። «ለክስ ሄደን ሰው ሞሽረን መጣን! ሚዜ ሆናችሁ እኮ!»

«ሻይ ይዞ ነበር» አሉ መምሬ፣ አንገታቸውን ደፍተው። «ወላሂ፣ ሻይ ባይዝ…» አማተቡ።

«አብሽር» አሉት ሸህ አሊ። «ነገ ልጅቱን ላካት።»

«ቢመልሷትስ?»

«ቢመልሷት ያልከውን አድርግ።»

በማግስቱ ወንዙ ከወትሮው ይበልጥ ሞልቶ ነበር። እንደ ደወል የሚመታው የመኪና ቸርኬ ሲጮህ እኔ ገና መሐል ውኃ ላይ፣ የአንድ ጎረቤታችን ጀርባ ላይ ነኝ። ባሕር ዛፎቹ ጋ ስንደርስ መዝሙሩ ተጀመረ። ሮጥኩ። ሌሎቹ እየቆሙ የቅልብልቦሽ ጠጠራቸውን ከኪሳቸው ማውጣት ጀምረዋል፤ እኔ ግን ለመቆም ድፍረት አጣሁ።

በሩ ክፍት ነው። አቶ ጌጡ ካፖርታቸውን እንደቆለፉ አጠገቡ ቆመው፣ ዝናብ የሚመጣ ይመስል ሰማዩን ይመረምራሉ። እኛን አላዩንም። «ግቡ» አሉ። ልጆቼ አላሉም። ከኋላቸው ዘበኛው አያ ሙሄ በሆዱ ተኝቶ እርጥብ የባሕር ዛፍ ፍልጥ እፍ ይላል፤ እሳት የለም፣ ጭስ ብቻ ነው። ዓይኑ እያለቀሰ «የምን እሳት ነው በጠዋት? ማነው ይሄን ያመጣ?» እያለ ያጉረመርማል። ከበን ቆምን። አልደረቅንም፤ ጭስ ጭስ ሸተትን እንጂ። ወደ ክፍል ልገባ ስል አቶ ጌጡ ጠሩኝ።

«አንቺ! ነይ እስቲ። ቆሎ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«አዎ ቲቸር።»

እጃቸውን ከካፖርታቸው ኪስ ጭብጥ እንዳደረጉ አወጡና መዳፌ ላይ ዘረገፉት። የገብስ ቆሎ፣ ትኩስ፣ ሱፍ የተቀላቀለበት። «እንኪ፣ ለሁሉም አካፍይ። ሁለተኛ ደግሞ ምንም ነገር እንዳትጨምሪ!»

ልባቸው ተለወጠ አልልም። ልብ መለወጥ የልብ ወለድ ሥራ ነው፤ እኔ የምፈልገው በሩ እንዲለወጥ ነበር፣ ተለወጠ። አንድ ጊዜ ባለቃቸው ፊት ደግ ተብለው ተመስግነዋል፤ ከዚያ በኋላ ክፉ ለመሆን ማስተባበያ ያስፈልጋቸው ነበር። ታኅሣሥ ላይ ወንዙ ቀንሶ ማንም ሳያረፍድ እንኳ እሳቱ ይነድ ነበር፣ ለብርዱ ተብሎ። አንድ ጠዋት ደግሞ «ልጆቼ» የሚለው ቃል አምልጧቸው ሰማሁ፤ ሰውም የሰማባቸው እንደሆነ ብለው ዙሪያቸውን አዩ።

በዓመቱ መጨረሻ ከኅብረተሰቡ ጋር ባላቸው ቅርበት ተብሎ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት አደጉ። ሽኝታቸው ላይ መምሬ ጥበቡ የምር አለቀሱ። አባቴም «ደግ ሰው ነበሩ» አለ፤ አምኖበት ነው ያለው። በምትካቸው ከደሴ የመጣው ወጣት ገና በመጀመሪያው ጠዋት ሁለቱን ሽማግሎች በር ላይ አገኛቸው። የሚያፈሰውን የሁለተኛ ክፍል ጣሪያ ስላስጠገነልን ሊያመሰግኑት መጥተዋል።

«አባቶች፣ ገና ትናንት እኮ ነው የመጣሁት» አለ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን እያየ።

«ይኸው፣ ባንድ ቀን!» አሉ መምሬ።

የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ተሠራ።

ሁለቱም ሽማግሎች አልፈዋል። ወንዙ ዛሬ ድልድይ አለው፤ ማዶ ያሉት ቤቶችም ከጂዳና ከሪያድ በሚመጣ ገንዘብ ቆርቆሯቸው ያብለጨልጫል። እኔ ከተማ ገብቼ፣ መጻሕፍት አንብቤ፣ ውዳሴ የሕዝብ በሽታ ነው የሚል ጽሑፍ ደጋግሜ ጽፌያለሁ። አሁንም አምንበታለሁ። በየቢሮው ደጃፍ ባለው የአስተያየት ሳጥን ውስጥም ስሞታዬን ስከት ኖሬያለሁ፤ ቁልፉ የዛገ ሳጥን ሁሉ ያውቀኛል። እስካሁን አንድ በር አልከፈተልኝም።

በቅርቡ የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪዎች የቴሌግራም ገጽ አዲስ ዳይሬክተር መሾሟን አበሰረ። አበባ ይዛ የቆመች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ከሥሩ መልካም የሥራ ዘመን የሚሉት ተደርድረዋል። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ግን ከደረቀ ቆይቷል፤ ትልልቆቹ ሴቶች ልጆች በወሩ ውስጥ ቀን እየመረጡ እንደሚቀሩ የእህቴ የልጅ ልጅ ነግራኛለች። ስሞታ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ከዚያ «ለሴት ተማሪዎች ቧንቧውን ስላስጠገኑልን ከልብ እናመሰግናለን» ብዬ ላክሁ።

ወዲያው ከሪያድ አንድ ወጣት፦ «እህት፣ የትኛው ቧንቧ? ባለፈው ሄጄ ደርቆ ነው ያየሁት።»

እዚያው መካነ ሰላም የቀረች የድሮ የክፍል ጓደኛዬ መለሰችለት፦ «አንተ ልጅ ዝም በል። ከወንዙ ወዲህ ያለው ሰፈር ልጅ ነህ መሰለኝ።»

ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ያኔ ቢሮው ጠባብ ነበር፤ የአቶ ጌጡ ፊት ሲቀላ ይታይ ነበር፤ እኔም ፊታቸው ቆሜ ነበር። ስልክ ላይ ግን ሁሉም ሁሉንም ያመሰግናል፣ ማንም የማንንም ፊት አያይም፤ እፍረት እዚህ ድረስ የሚመጣበት መንገድ እንዳለው እርግጠኛ አልነበርኩም። ዳይሬክተሯ መጻፍ ጀመረች፣ ተወች፣ ደግሞ ጀመረች። በመጨረሻ መልእክቱ በግል መጣልኝ። አመሰግናለሁ አላለችም፣ ተሳስተዋልም አላለችም።

«የማን ልጅ ነሽ?» ይላል።

በዚህ ዕድሜዬ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የአባቴን ስም ጻፍኩላት፤ ቀጥሎም የማዶ ልጅ መሆኔን፣ በሚመጣው ወር ሰው ልጠይቅ ወደዚያ እንደምወርድና እግረ መንገዴን በአካል ላመሰግናት እንደምመጣ።