እማማ ራህመት ረዳት አላቸው

ቡታጅራ ውስጥ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን በየቤታቸው የሚያግዙ በጎ ፈቃደኞችን ልንመድብ፣ ሰፈር ለሰፈር እየዞርን ነበር። እኔ የእማማ ራህመትን በር አንኳኳሁ። ልጆቻቸው አዲስ አበባ እንውሰድዎ ቢሏቸው እንኳ ከቤቴ አልወጣም ያሉ ሴት ናቸው።

"ውሃ የሚቀዳልዎ፣ ገበያ የሚላክልዎ ሰው ልንመድብልዎ ነው" አልኳቸው።

"አላህ ይስጥሽ ልጄ፤ ለሌላ ስጡት። እኔ ረዳት አለኝ።"

"ማን ነው?"

"አንድ ሰው ነው" ብለው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

ነገሩ አላማረኝም። ብቸኛ እናቶችን ተጠግቶ ቤታቸውን የሚያሸጥ ስንት አለ!

"ዘመድዎ ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምን ፈልጎ ነው የሚያግዝዎ?"

ይስቃሉ እንጂ አይመልሱም። ጭራሽ፣ "አጥሩንም እሱ ነው ያጠረልኝ" አሉኝ። "እንግዲያው ሳላየው አልሄድም" ብዬ ቁጭ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ "አሰላሙ ዐለይኩም!" የሚል ድምፅ ከደጅ ተሰማ። አንድ ሰው ትልቅ ጀሪካን ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ገባ። ቀና ሲል ክው አልኩ።

አባቴ ነው! እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር የሚኖረው፣ በዚያው ዕለት ጠዋት "ጉልበቴን" ሲለኝ ደግፌ ከአልጋ ያስነሳሁት፣ ውሃ እንኳ በእጁ የማቀብለው አባቴ!

እሱም ደንግጦ ጀሪካኑን እንደተሸከመ ቀረ። ከዚያ ወደ እማማ ራህመት ዞሮ፣

"ምነው፣ ኒካሁን አብረን እንነግራታለን አላልንም እንዴ?" አላቸው።