በግ የተነዳለት ቅባት

«ቅባት ነው የምትለኝ? በጉን ለቅባት ነው እንዴ በባጃጅ ጭኜ የመጣሁት?»

አጎቴ የተከራየኋት ክፍል መሀል ቆመዋል፤ ባርኔጣቸውን እንኳ አላወለቁም። በጉ ደጅ ላይ፣ ከአከራዬ የልብስ ማስጫ ምሰሶ ጋር ታስሮ ጣልቃ እየገባ ይጮኻል።

በስልክ «እዚያ ታች ሕክምና ጀምሬያለሁ» ብያቸው ነበር። በእኛ በሲዳማ ገጠር ወንድ የሚገረዘው ካደገ በኋላ ነው፤ የተገረዘም ሰው ተኝቶ በቅቤና በወተት ይቀለባል። እኔ አባቴ ቀድሞ ሞቶ፣ ከተማ ስሯሯጥ ሳልገረዝ ቀረሁ። አጎቴ እዚያ ታች የሚደረግ ሌላ ሕክምና አያውቁም። የተገረዝኩ መስሏቸው ቅቤውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ የሚታረድልኝን በግ ይዘው ከተፍ አሉ።

«ጋሼ፣ ሸለፈቴ ጠቦ ነው። ወደኋላ አልመለስ ይላል፤ ስታገለው ይሰነጠቅና ያመኛል።»

ስለ ከተማችን ሐይቅ ስንት ግጥም የጻፍኩ ሰው ይህችን ለሐኪሙ እስክናገር ላብ አጥምቆኝ ነበር።

«መድኃኒቱ ቢላ ነዋ!»

«ሐኪሙ መጀመሪያ ቅባቱን እንሞክር አለ። ጠዋትና ማታ እቀባለሁ፣ ሳልታገል በቀስታ አሳሳባለሁ። ከተመለሰም ወዲያው ወደ ቦታው ማምጣት አለብኝ፤ ወደኋላ እንደተመለሰ ከቀረ ያብጣል። ቅባቱ ካልሠራ ትንሽ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ሙሉ ግርዛትም አለ።»

«መጨረሻ ያልከውን አስቀድመው!»

ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ባህል አዳራሽ እየጠበቋቸው ነበር። ዛሬ የማገባትን ልጅ ከአባቷ የሚለምኑልኝ አጎቴ ናቸው፤ ከእሳቸው ሌላ አባት የሚሆነኝ ዘመድ የለኝም።

«ላልተገረዘ ሰው ልጅ ለምኜ አላውቅም» አሉ፣ ወንበሬ ላይ ዘፍ ብለው። «ደግሞስ እሷ ታውቃለች?»

«ሐኪም ዘንድ ሂድ ያለችኝ እሷ ናት።»

ባርኔጣቸውን ገፋ አድርገው ግንባራቸውን አከኩ። በጉ ደጅ ላይ ጮኸ።

«እስቲ አሳየኝ። መድኃኒቱን ማለቴ ነው!»

ቱቦውን በሁለት ጣት ይዘው አገላበጡት። «የጥርስ ሳሙና ልጅ ነው የሚመስለው። ይሠራል?»

«ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ አይቶ እየላላ ነው፣ ቀጥል አለኝ። አሁን አያመኝም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

አጎቴ ወደ በሩ ዘወር ብለው ሰሚ አለመኖሩን አረጋገጡ። «እኔ በመገረዣዬ ቀን እንሰት ውስጥ ተደብቄ ነበር። አስነጠሰኝና ያዙኝ። ይህ ቱቦ ያኔ ቢኖር...» ሳቅ አፈናቸው። እኔም ሳቅሁ፤ ባርኔጣቸው ወደቀ።

እንባቸውን ጠርገው ተነሱ። «ተኛ!»

«ምን?»

«ታካሚ ተኝቶ ይቀለባል። ተኛ ብዬሃለሁ!»

ከነጫማዬ ተጋደምኩ። የቁርስ ዳቦዬን በቅቤው ለውሰው አጎረሱኝ። ደገሙኝ። ጉንጬ ሞልቶ መናገር ሲያቅተኝ ባርኔጣቸውን አነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«አባቷ አንድ ነገር ቢጠይቁኝ ልጃችን ሕክምናውን በሚገባ እየተከታተለ ነው እላለሁ።»

«ኧረ ጋሼ! ይህንንማ እንዳያነሡት!»

«እሺ፣ ግጥም ይጽፋል ብቻ እላለሁ። እሱም ቢሆን የሚያኮራ ነገር አይደለም። በጉ ለሰርጉ ይቆይ፤ ሣር ስጠው። ግን እንዳትነሣ!»

«ተኝቼ እንዴት ነው ሣር የምሰጠው?»

ባርኔጣቸውን ደፉ። ወጡና በሩን ዘጉት።